ሁለት በር የነበረው ማድ ቤት

ሐዋሳ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጎረቤቴ ለመሠረት፣

እንደምን ከርመሻል? ጆሮሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የልጄ የሊድያም የወሊድ ቁስል ደርቆላት ከአልጋ ተነሥታለች። መንትዮቹ ግን ተራ ገብተው ነው የሚያለቅሱት፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይረከበዋል። ሐኪሙ እናትሽ ትንሽ ትቆይ ስላላት እኔም ቆይቻለሁ።

ደብዳቤሽን ጀላል ራሱ እቤት ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። ይሄ ሾፌር ከአዲሱ ገበያ ሐዋሳ ሲመላለስ ፖስታ ቤታችን ሆኖ ቀረ። ስልክ ላይ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ማን ልበል?» እያልሽ ከምትዘጊብኝ ይሄ ይሻለኛል።

ልጅሽ ኢታና የቤት ውስጥ ዲዛይን ተምሮ ሲጨርስ መጀመሪያ የሚነካው የኛን ማድ ቤት መሆኑን ስሰማ ደስታዬን አልቻልኩትም። «መልኩ እንደ ድሮው፣ ምቾቱ እንደ ዘመኑ» ማለቱም ገብቶኛል። እንኳን አዝዬ አሳደግሁት! አንቺ ፋብሪካ ፈረቃ ስትገቢ እሱ በጀርባዬ፣ ሊድያ በጉልበቴ፣ ድስቱ በእሳት። ያን ሁሉ ጭስ የጠጣ ልጅ ስለ ማድ ቤት ቢያውቅ ምን ይገርማል።

ድሮ ምን ይመስል ነበር ብለሽ መጠየቅሽ ግን አሳቀኝ። አንቺ ምን ታስታውሺያለሽ! እንግዲህ አንብቢለት። በ86 ዓ.ም. ስንገባ ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ የዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ኖራ ነበር። ወለሉ ቀይ ስሚንቶ ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ በሰም እንወለውለው ነበር። በስተቀኝ ከኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ትተውት የሄዱት፣ በሩ ወንፊት የሆነ የምግብ ሳጥን ነበር። ጉንዳን እንዳይወጣበት አራቱም እግሮቹ ውኃ ያለባቸው ጣሳዎች ውስጥ ይቆሙ ነበር። የመደርደሪያው ጠርዝ ላይ ጋዜጣ በመቀስ እንደ ዳንቴል ቆርጠን እንለጥፍ ነበር፤ የአንቺ ሁልጊዜ ይጣመም ነበር። መስኮቱ ሁለት ክንፍ ያለው የእንጨት ሆኖ ሲከፈት እንጦጦ ከነባሕር ዛፉ ፊት ለፊት ይመጣል።

ከዘመኑ ነገር ደግሞ ሁለት ብቻ እፈልጋለሁ። ከቧንቧ የሚወርድ ሙቅ ውኃና ጭስ የሚስብ ማራገቢያ። ሐምሌ ላይ ጣቶቻችን እንዴት እንደሚሆኑ ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር አደራ። ሁለቱን በሮች እንዳይነካብኝ ንገሪው። የአንቺ በምሥራቅ፣ የኔ በምዕራብ፤ እንደዚያ ነው የኖርነው። እኔ ያሉኝ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ከዚያ ማድ ቤት በቀር ውኃ የማፈላበት ቦታ የለኝም።

ስመጣ ፈርሜ የተውኩልሽ ባዶ ወረቀት ቢፌው መሳቢያ ውስጥ ነው። የቀበሌ ቤት ለማደስ ወረዳው የሁለታችንንም ፊርማ ስለሚጠይቅ የፈቃዱን ቃል ኢታና ከላይ ይጻፍበት። ለአንድ ፊርማ ከሐዋሳ ልመላለስ እንዴ!

የአንቺው የዓለም

ጉለሌ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለየዓለምወርቅ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። መንትዮቹንና ሊድያን በየቀኑ በጸሎት እያሰብኳቸው ነው። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጆሮዬ እንደነበረው ነው፤ በቃ የዕድሜ ነገር ነው።

ደብዳቤሽን ለኢታና ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። በሁለተኛው ጊዜ እየጻፈ ነበር። የወንፊቱን ሳጥን ነገር ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ። አሁን አናጺው እሱን አስመስሎ እየሠራ ነው። ከውጭ ስታዪው የድሮው ሳጥን ነው፤ ስትከፍቺው ፍሪጅ ነው! የኤሌክትሪክ ማስገቢያዎቹንም ከመደርደሪያው ሥር ደብቋቸዋል። ቀለሙ ያልሽው አረንጓዴ ነው፤ ዊንጌት አካባቢ ያሉትን የቀለም ሱቆች ሁሉ አዳርሶ በመጨረሻ ራሱ ቀላቅሎ አገኘው። ወለሉ ቀይ ስሚንቶ ሆኗል። ሙቅ ውኃው በዚህ ሳምንት ይገባል። የፈረምሽውንም ወረቀት ኢታና ወረዳ አስገብቷል፤ ፈቃዱ ወጥቷል።

የላይኛው መደርደሪያ ቁመት ላይ ግን ተከራከርን። አናጺው ከፍ ይበል አለ፤ እኔ የዓለም አትደርስበትም አልኩ። እስቲ እጅሽን ወደ ላይ ዘርግተሽ እስከየት እንደምትደርሺ ለክተሽ ላኪልን።

ለመምጣት አትቸኩዪ። ሊድያ አራስ ናት፤ ሁለት ሕፃን ብቻዋን አትችልም። የልጅ ልጅ ጠረን ደግሞ ከየትም አይገኝም።

እህትሽ መሠረት

ሐዋሳ፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመሲዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? የዐቢይ ጾሙ እየተገባደደ ነውና እኔ እዚህ ደከምከም ብያለሁ፤ ሙቀቱም ሙቀት ነው። ሆኖም ደብዳቤሽን ባነበብኩ ቁጥር ብርታት አገኛለሁ። ፍሪጅ በወንፊት ሳጥን ውስጥ! ለሊድያ ስነግራት «እማ፣ ይሄ ሰውዬ ሊታወቅ ነው» አለች። ሰውዬ የምትለው አብሯት በአንድ ገበታ ጭቃ የበላውን ኢታናን ነው።

ቁመቴን ጠይቀሽኝ የለ? ሊድያ ከግድግዳ አስጠግታ በክር ለካችኝ። ክሩ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለልሽ። አንዱ ጫፍ ወለሉ ላይ ይሁን፤ ቋጠሮው ያለበት ጣቴ የሚደርስበት ነው። በእግር ጣቴ ስቆም የምደርስበትን አልለካሁም፤ በዚህ ዕድሜ በእግር ጣት ቆሜ በርበሬ ላወርድ አልችልም።

ደግሞ ለአናጺው ንገሪልኝ፤ ማራገቢያው ከመስኮቱ ጎን እንጂ ከመስኮቱ በላይ አይሁን። መስኮቱ ይከፈት። እኔ ሽንኩርት ስከትፍ ወደ እንጦጦ ካላየሁ ጣቴን እቆርጣለሁ።

ስለ በሮቹ ምንም አላልሽም። ረስተሽው ነው። የኔን በር የታችኛውን እንጨት ዝናብ በልቶታል፤ አናጺው እዚያው ካለ አብሮ ቢያየው።

ለመምጣት አትቸኩዪ ላልሽው፣ ሊድያ እስከ መስከረም ቆዪ እያለች ታለቅሳለች። አማቷ ግን ከወላይታ ልትመጣላት ነው። ስለዚህ ሰኔ ሲጋመስ፣ ክረምቱ ሳይጠና እመጣለሁ። እዚህ ምን አጥተሽ ትይኝ ይሆናል። ምንም አላጣሁም። ነገር ግን የልጄ ማድ ቤት የልጄ ነው፤ ማንኪያ እንኳን ለማግኘት ሦስት መሳቢያ እከፍታለሁ። በራሴ ቤት መሞት ባይሆንልኝ በራሴ ማድ ቤት ማርጀት እፈልጋለሁ።

የአንቺው የዓለም

ጉለሌ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለየዓለምወርቅ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። መልስ በማዘግየቴ በጣም ይቅርታ። ጀላል ሁለት ጊዜ መጥቶ «እማማ፣ ደብዳቤ የለም ወይ?» ብሎ ባዶ እጁን ተመልሷል። ትንሽ አሞኝ ነበር፤ ከባድ ነገር አይደለም። ደግሞ ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

የምሥራች አለኝ። ኢታና ሚልካ የምትባል የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ አጭቷል። ዘማሪ ናት፤ ሥርዓት ያላት ልጅ ናት። ሰርጉ ሰኔ 15 ነው። ቤት እስኪያገኙ ከእኔ ጋር ይቀመጣሉ።

ክሩ ደርሶኛል። ማድ ቤቱ አልቋል ማለት ይቻላል። ሰው እየመጣ ፎቶ ያነሣዋል። አንድ ባለ ሆቴል እንደሱ አድርገህ ሥራልኝ ብሎ ኢታናን ቀጥሮታል። ሁሉም «ይሄን ሁሉ ከየት አመጣኸው?» ሲሉት ከእናቶቼ ይላል። ሁለታችንን ማለቱ ነው።

በሰኔ እመጣለሁ ያልሽውን አስቢበት። ዘንድሮ ክረምቱ ቀድሞ ገብቷል፤ የቤትሽ ጣሪያ በሁለት በኩል ያፈሳል። ጭቃውም ጭቃ ነው። እስከ መስቀል ብትቆዪ ምን ይልሻል? የበሩን ነገር ስትመጪ እንነጋገራለን።

እህትሽ መሠረት

ሐዋሳ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

መሠረት፣

ዛሬ ጠዋት ኢየሩ በሊድያ ስልክ ደወለችልኝ። አጥር ለአጥር የምንነጋገር ጎረቤት ናት እንጂ ለእኔ ስልክ ደውላ አታውቅም። «የዓለሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ እንዲህ ያለ የሰርግ ስጦታ የሰጠ ጎረቤት አይቼ አላውቅም» አለችኝ። ምን ሰጠሁ አልኳት። ሳቀች። ትሕትና መሰላት።

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። የኔ በር በብሎኬት እንደተደፈነ። ላዩ ላይ አረንጓዴው ቀለም እንደተቀባ። በሬ በነበረበት ቦታ የሙሽሮቹ የምግብ ጠረጴዛ እንደቆመ። ከልጄ ጋር ልኖር ስለሄድኩ የማድ ቤት ድርሻዬን በፊርማዬ እንደለቀቅሁ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚያውቅ። እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅሁት።

አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። ሌላ ሰላምታ አልፈልግም። ባዶ ወረቀቴ ላይ ምን ተጻፈበት? በሩስ የተደፈነው መቼ ነው?

የዓለምወርቅ

ጉለሌ፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

የዓለሜ፣

ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። ይሄኛውን ሳልቀድ ለጀላል እሰጠዋለሁ።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ኢየሩ የነገረችሽ ነው። «ከእንግዲህ ከልጄ ጋር በሐዋሳ ስለምኖር፣ በጋራ የምንጠቀምበትን ማድ ቤት ድርሻዬን ለጎረቤቴ ለወ/ሮ መሠረት በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ይላል። የኢታና እጅ ጽሑፍ ነው። ወረዳ ከመግባቱ በፊት ገበያ ውዬ ስገባ ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። አነበብኩት። መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሌላ ምክንያት ብፈጥር ውሸት ይሆንብኛል።

በሩ የተደፈነው የካቲት 28 ነው።

ቀኑን ስትቆጥሪ የምታገኚውን አውቃለሁ። ቁመትሽን የጠየቅሁሽ ከዚያ በኋላ ነው። ለምን አደረግሽው ብትይኝ፣ ስጽፍልሽ ማድ ቤቱ የሁለታችን ነበር። እመኚኝ የዓለሜ፣ እስክሪብቶውን ስይዝ ግድግዳው አይታየኝም ነበር። አንቺ ስለ መስኮቱ ስትጽፊ እኔም ከአጠገብሽ የምቆም ይመስለኝ ነበር። ደብዳቤው ሲያልቅ ቀና ብዬ ብሎኬቱን አያለሁ። መደርደሪያውን በክርሽ ልክ ነው ያሠራሁት። አናጺው ለማን ነው ሲለኝ ለእኔ ነው አልኩት፤ እኔ ካንቺ በስንዝር እረዝማለሁ።

ኢታናን አትጥዪብኝ። ሊድያ አትለቃትም፣ እትዬ የዓለም አትመለስም ብሎ ነው። እኔም አትመለሺም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ልጄ ከቤት እንዳይወጣብኝ ፈለግሁ። ሚልካ ማድ ቤቱን ስታይ «እዚህ ከሆነ እኖራለሁ» አለች፤ እኔ ያን ቀን ልቤ ተሸነፈ።

አሁን ግን አንድ ልመና አለኝ። ወረዳ ሄደሽ «ባዶ ላይ ነው የፈረምኩት» ካልሽ ኢታና በሐሰት ሰነድ ይከሰሳል። ለሰርጉ አሥራ ስምንት ቀን ነው የቀረው። ስለ ጌታ ብለሽ፣ ስለ እኔ አልልሽም፣ በጀርባሽ ስላዘልሽው ልጅ ብለሽ ዝም በይልኝ። እኔን የፈለግሽውን በዪኝ።

መሠረት

ጉለሌ፣ ከዚሁ ግቢ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወ/ሮ መሠረት፣

ትናንት በበሬ ሥር ያስገባሽልኝን ወረቀት አነበብኩ። ከሐዋሳ ሁለት መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ርቄ ጽፌልሽ ነበር፤ አሁን አሥራ አምስት እርምጃ ርቄ እጽፍልሻለሁ። ጆሮሽ ሰላም ቢሆንም እጽፍ ነበር፤ ድምፄን ላሰማሽ አልፈልግም።

«ለምን ልጄን አልከሰስሽም?» ብለሻል። ብከሰው ኖሮ ይቀልልሽ እንደነበር አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ እኔ ክፉዋ እሆንልሽ ነበር። ወረዳ ሳልሄድ ነው የእድራችንን ዳኛ አቶ ታረቀኝን ከሽማግሌዎች ጋር ያስጠራሁት። ሰርጉ ካለፈ በሳምንቱ ነበር። ሰርጉ ላይም መጥቻለሁ፤ አይተሽኛል። ኢታና ጉልበቴን ሲስም እጄ ላይ እንባው ወረደ፤ መረቅኋቸው፤ ከልቤ ነው። ከዚያ በሽማግሌዎቹ ፊት ራሱ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ፤ ራሱም ሄዶ ወረቀቱን ከወረዳ አስመልሶ አመጣ። ግንበኛው በሬን ሐምሌ 11 ቀን ከፈተ። ልጁን ይቅር ብዬዋለሁ። ወጣት ነው፣ ሙሽራ አማረው፣ የሚወስደውን ወሰደ። ሲጠይቁትም አልዋሸም።

አንቺን ግን አልቻልኩም መሠረት። ሞክሬያለሁ። የንስሐ አባቴንም ጠይቄያለሁ፤ «ጊዜ ስጪው» አሉኝ። ወረቀቱን አንብበሽ ጠረጴዛው ላይ መመለስሽን እንኳን ልረሳው እችላለሁ። ሰው ለልጁ ሲል ብዙ ያደርጋል፤ እኔም ለሊድያ ምን እንደማደርግ አላውቅም። የማልረሳው ደብዳቤዎቹን ነው። ሦስት ወር ሙሉ ስለ ቀለም፣ ስለ ሳጥን፣ ስለ ማራገቢያ እያዋራሽኝ፣ እኔ እንደ ሞኝ አንድ መስመር እንዳይቀር እያልኩ፣ ሊድያ «እማ ተኚ እንጂ» እያለችኝ ስጽፍልሽ፣ አንቺ ማድ ቤቱን ከእኔ አፍ አውጥተሽ ለሌላ ሰው ስትሠሪ ነበር። ብትሰርቂኝ እኮ ይሻለኝ ነበር። የሰጠሁሽ ራሴ ነኝ፤ በፖስታ፣ ከነምርቃቱ።

በሩ የተከፈተ ዕለት ጠዋት ገባሁ። አንቺ ጸሎት ቤት ነበርሽ። ልንገርሽ፤ ያምራል። አረንጓዴው ልክ ነው። ወለሉ ላይ ፊቴ ይታየኛል። ቧንቧውን ከፈትኩት፤ ሙቁ ውኃ እጄ ላይ ሲወርድ ሠላሳ አንድ ዓመት የደረቁ ጣቶቼ ለሰለሱ። መደርደሪያው ላይ የበርበሬውን ጣሳ ሳወርድ በእግር ጣቴ መቆም አላስፈለገኝም። የዚያን ጊዜ ተቀምጬ አለቀስኩ። ባያምር ኖሮ፣ ወይም አንዱን ነገር እንኳን ብትስቺው ኖሮ፣ ተናድጄ በወጣልኝ ነበር።

አሁን «እኔ ስኖር ለምን አትገቢም? ማድ ቤቱ እኮ ለሁለት ይበቃል» ላልሽው መልሴ ይሄ ነው። ማድ ቤቱ ይበቃል። እኔ ነኝ የማልበቃው። ስለዚህ በሽማግሌዎቹ ፊት የተከፋፈልነው ሰዓት ይጽና። ከንጋት እስከ አራት ሰዓት እኔ፤ ከዚያ እስከ ሰባት አንቺና ሚልካ፤ ከሰባት እስከ ዘጠኝ እኔ፤ ከዘጠኝ በኋላ እናንተ። ለሚልካም ንገሪያት፤ እሷ ምንም አላደረገችኝምና ስታገኘኝ ሰላም ትበለኝ።

ይሄን ሁሉ በሽማግሌዎቹ ፊትም እናገረዋለሁ። ለማንም ያልተናገርኩትን ደግሞ ስለጠየቅሽኝ እነግርሻለሁ። ደኅና ነሽ ወይ ብለሽ ጽፈሻል። ደኅና አይደለሁም።

ፍልሰታ ከገባ አሥረኛ ቀኑ ነው። ቅዳሴ ሳይወጣ እንደማልቀምስ ታውቂያለሽ። በጾም ወጥ ስሠራ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ማንኪያውን ወደ አንቺ እዘረጋና «ጨው?» እል ነበር። አንቺ አትጾሚምና ቀምሰሽ ወይ «ጥቂት» ትያለሽ፣ ወይ «በቅቶታል»። ሌላ ቃል አንናገርም። እኔ እኮ የራሴን የጾም ወጥ ጨው መጥኜ አላውቅም፤ በአንቺ ምላስ ነው የኖርኩት። ይሄን ያወቅሁት ትናንት ነው።

ትናንት ኢየሩን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠርቻት ምስር ወጥ ሠርቼ ነበር። በኔ ሰዓት። ጨው ጨመርኩ፤ ከዚያ የጨመርኩ አልመሰለኝምና ደገምኩ። ድስቱ አጠገብ ቆሜ ግራ ገባኝ። አንቺ በበርሽ በኩል ውጭ ቆመሽ ነበር፤ ጥላሽ ከበሩ ሥር ይታየኛል። ምናልባት ሰዓትሽን እየጠበቅሽ ነበር፤ ምናልባትም ሽታው ደርሶሽ ሊሆን ይችላል። ማንኪያውን ጨልፌ ወደ በርሽ ሄድኩ። የበሩ እጀታ ላይ እጄን እስካደርግ ድረስ ሄድኩ።

ከዚያ ተመልሼ ድስቱን አወጣሁ። ኢየሩ አንድ ጊዜ ጎርሳ ውኃ ጠየቀች። እኔ ሁሉንም በላሁት።

የዓለምወርቅ